ወደ ውስጥ የተሳበ አዎ

ስሜ ትዕግስት ነው። እናቴ ስታወጣልኝ ምን ታይቷት እንደሆነ አላውቅም፤ ትዕግስት ከስሜ አልፎ ጠባዬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የማወራውን ሰው በክፉ ሳነሳው አንባቢ እንዳይደነግጥብኝ ነው። በደግ የማነሳበት ምክንያት ቢኖር ኖሮ እስካሁን አገኘው ነበር።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ካዛንቺስ ገና በቆርቆሮ አጥርና በጭቃ ቤት የተሞላች ሳለች ነው። ወላጆቼን በልጅነቴ አጥቼ ያሳደጉኝ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ተካና ባለቤታቸው እትዬ ወይንሸት ናቸው። ጋሽ ተካ ዕድሜያቸውን ለገሃር ባቡር ጣቢያ የጨረሱ ጡረተኛ ነበሩ። እኔ ከቤታችን ብዙ የማይርቅ ፔንሲዮን ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ ደህና ስለነበር ፈረንጅ ሲመጣ የምጠራው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ፔንሲዮን አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ በወር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ስሙን አልጽፍም፣ ስም መጥራት ማክበር ነው። አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ተረትና ምሳሌ ሳይቀር ያውቃል። የሚጽፈው ግን ስለ እኛ አልነበረም፤ ስለ ስዊድኖች ነበር። ስዊድን ብዙ ዓመት ኖሯል፣ እዚያው አግብቶ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ጥላው የሄደችው አንዲት ሴት ሳትሆን የስዊድን ሕዝብ በሙሉ ይመስለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ባንኮኒዬን ተደግፎ የጻፈውን ይተርክልኛል። ስዊድናዊ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ጆሮውን በሩ ላይ ይለጥፋል አለኝ አንድ ቀን፤ ደረጃው ላይ ጎረቤት ካለ ሰላምታ እንዳይለዋወጥ እስኪያልፍ ይጠብቃል። አውቶቡስ ሲጠብቁ በአንዱና በሌላው መካከል በሬ የሚያሳልፍ ቦታ ትተው ነው የሚቆሙት። የሰው ልጅ ቤታቸው ሊጫወት መጥቶ የምሳ ሰዓት ቢደርስ፣ እነሱ ገበታ ቀርበው ሲበሉ እንግዳው ልጅ ሌላ ክፍል ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «ላጎም» የሚሉት ቃል አላቸው፣ አይብዛ አይነስ እንደማለት ነው፤ ፍቅርንም በዚያው ይሰፍሩታል ይለኛል። ከሱ በፊት ስለዚያ አገር የጻፉትንም ይነግረኛል። አንዱ ድሃ የሌለበት ገነት ብሎታል፤ ሌላው ሰው በብቸኝነት ራሱን የሚያጠፋበት ሲኦል ብሎታል፤ ስለ ሴቶቻቸው የጻፈውንማ ባላነሳው ይሻላል። አገር ነው፣ ሰው ይኖርበታል ብሎ የጻፈ ግን አንድም አልሰማሁም።

መጀመሪያ መጀመሪያ እስቅ ነበር፤ ሐሜት ማን ይጠላል። በኋላ ግን ይጎረብጠኝ ጀመር። እንግዶች ክፍላቸው ውስጥ ትተውት የሚሄዱትን መጽሐፍ አነብ ስለነበር ስለ እኛም የሚጻፈውን አውቀው ነበር። አበሻ አፉ ሌላ ልቡ ሌላ ነው፣ አበሻ ተጠራጣሪ ነው፣ አበሻ ሲስቅልህ ተጠንቀቅ። እኔን ሳያውቁ እኔን የጻፉኝ ሰዎች ስዊድኖቹን ደግሞ በምን ዓይን አይተዋቸው ይሆን እያልኩ ቆሽቴ ያርር ነበር።

ዮናስ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ስዊድናዊ ነው፣ ስሙ ግን እንደኛው ዮናስ ነው። ለሁለት ዓመት ኮንትራት የመጣ የውሃ መሐንዲስ ነበር፤ ቤት እስኪያገኝ እኛ ዘንድ አረፈ። የመጀመሪያው ቀን ሙቅ ውሃ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አዎ አልኩት፣ እንደ አበሻ።

እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኛ አዎ ለማለት ሁልጊዜ አፋችንን አንከፍትም። የደነገጠ ሰው እንደሚያደርገው አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ አለቀ። ፈረንጅ ይህን ሲሰማ «ምን ሆንሽ?» ብሎ ይደነብራል። ዮናስ ግን ሳቀ። አባቱ ልክ እንደዚሁ ነው አዎ የሚሉት። እነሱ አገር፣ ወደ ሰሜን ጫካው ውስጥ ያሉ ሰዎች፣ በተለይ ሽማግሌዎቹ፣ አዎ ሲሉ አየር ይስባሉ። ይህን ሲነግረኝ ግን እንደማፈር ብሎ ነበር፤ የባላገር ዘመዱን አበላል እንደሚያወራ ከተሜ ማለት ነው። ያቺን እፍረት ያኔ ልብ ብያት ቢሆን ጥሩ ነበር።

ተዋደድን። ኮንትራቱ ሊያልቅ አካባቢ አንድ ቀን ወደ ቂርቆስ እየወረድን ሳለ ቆም አለና «ከእኔ ጋር ስዊድን እንሂድ፣ አብረን እንኑር» አለኝ። የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ግን የሰማሁት በአማርኛ ነው። ለአንዲት የቤት ልጅ «አብረን እንኑር» ከተባለ ሌላ ምን ማለት ነው? ሠርግ ነው እንጂ። እነሱ ዘንድ ሳይጋቡ አብሮ የሚኖር ሰው የራሱ ስም እንዳለው፣ ሕግም እንደሚያውቀው፣ ማንም እንደማያፍርበት የሚነግረኝ አልነበረም። የአገራቸውን ልማድ አልነቅፍም፤ ለነሱ ክብር ያለው ኑሮ ነው። ግን ሁለታችን በአንድ ቃል ሁለት ነገር እንደምናወራ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ደራሲው።

ለጋሽ ተካ ሊያገባኝ ነው ብዬ ነገርኳቸው። ሽማግሌ ይላክ አሉ። እንደ አጋጣሚ የዮናስ አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ የሚመጡበት ሰሞን ነበር። ዮናስ ሽማግሌ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቀኝ አፈርኩ፤ የራሷን ሽምግልና ራሷ የምታስረዳ ሴት አይቼ አላውቅም። ደራሲውን ጠይቀው አልኩት። ደራሲውም ደስ ብሎት «እኔ አስተርጓሚም ሽማግሌም ሆኜ እመጣለሁ» አለ። ለዮናስ ምን ብሎ እንዳስረዳው ያኔ አላወቅሁም።

ጋሽ ተካን ግን በዚያው ሰሞን መንገዳችን ላይ ካለችው ግሮሰሪ እያገኘ ቢራ ይጋብዛቸው ነበር። ስለ ስዊድኖች እኔን ያሳቀበትን ሁሉ ለሳቸው ሳይስቅ ነገራቸው። ዋዜማው ላይ ጋሽ ተካ ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ። «ወይንሸት፣ ይህችን ልጅ ለነማን ነው የምንሰጣት?» አሉ። «ጎረቤቱን ሽሽት በር ላይ ለሚያደምጥ ሕዝብ?» ነገ የምጠይቃቸውን እኔ አውቃለሁ፣ መልሳቸው ካላማረኝ ግን ልጅ የለኝም ብለው ተኙ። እንግዲህ የኔ ዕድል የተንጠለጠለው በሳቸው እሺታ ላይ ነበር፤ እሱን ሳላገኝ የምሄድ ልጅ አይደለሁም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። እንደ ደንቡ እኔ ጓዳ ነበርኩ፣ ከእትዬ ወይንሸት ጋር፣ ከመጋረጃው ጀርባ። ማየት የምችለው በመጋረጃው ጠርዝ ወለሉን ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ በጆሮዬ ነው የተከታተልኩት።

መጀመሪያ ያየሁት ሁለት ትልልቅ እግሮች ነው፣ ግራጫ የሱፍ ካልሲ ያጠለቁ። የዮናስ አባት አቶ ኒልስ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲያቸው ሲሚንቶው ላይ ቆመዋል። ጋሽ ተካ «ምነው፣ ቤተ ክርስቲያን መሰላቸው እንዴ?» አሉ። ደራሲው በአማርኛ «ስዊድኖች ከሰው ይልቅ ወለላቸውን ነው የሚያከብሩት» ብሎ መለሰ። ያ ወለል የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ነበር። ሰውየው ያከበሩት እኛን እንደሆነ እኔ ከጓዳ ገብቶኛል።

ጋሽ ተካ ተቀመጡ አሉ። ደራሲው «ለመቀመጥ አልመጣንም፣ ጉዳይ አለን» አለ፣ ልክ እንደ አገሬው ሽማግሌ። እትዬ ወይንሸት በደስታ ክንዴን ጨመቁኝ። ጉዳያችሁን ተናገሩ ተባለ።

«ልጃችሁን ለልጃችን ለጋብቻ ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አለ ደራሲው።

ልቤ ሞቀ። ወዲያው ግን ድምፁን ቀይሮ በእንግሊዝኛ ለነዮናስ «ስለ ምሳ ግብዣው አመስግኜላችኋለሁ፤ እስኪፈቀድላችሁ ቆማችሁ ጠብቁ፣ ደንብ ነው» አላቸው።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ተሳስቶ ነው እንዳልል ተረትና ምሳሌ የሚያውቅ ሰው ነው። እትዬ ወይንሸት እንግሊዝኛ ስለማያውቁ «ምን አለ? ምን አለ?» ይሉኛል በሹክሹክታ። ቆይ አልኳቸው።

ጋሽ ተካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል በኛ አገር አሉ። በናንተ አገር ግን ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም፣ ሰው ቢታመም በሩን የሚያንኳኳለት የለም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይህ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

ደራሲው ወደ አቶ ኒልስ ዞረና በእንግሊዝኛ «አገራችሁ ብርድ ነው ወይ ይላሉ» አላቸው።

ከዚያ ያንን ድምፅ ሰማሁት። ሰውየው አየር ወደ ውስጥ ሳቡ።

እዚያ ቤት ውስጥ ትርጉም ያላስፈለገው ያ ብቻ ነበር። ጋሽ ተካ ጭናቸውን መቱ። «አዎ አለ! ሰማችሁ? በገዛ ትንፋሹ አመነ!» ደራሲው ለነዮናስ ደስ ብሏቸው ነው፣ ሲደሰቱ ይጮኻሉ አላቸው። በድምፁ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ነበረበት። ያኔ ነው ነገሩ ፍንትው ብሎ የታየኝ። ሰውየው ሁለታችንንም ያገናኘን ሊያጋባን አልነበረም፤ አበሻና ስዊድናዊ ሲጋጩ ቆሞ አይቶ ሊጽፈው ነበር። ለሱ መጽሐፍ እኔ አንድ ገጽ ነኝ።

ጋሽ ተካ ቀጠሉ። ቤታችሁ የመጣ የሰው ልጅ እናንተ ስትበሉ ሌላ ክፍል ጾሙን ይቀመጣል ይባላል፤ ነገ የልጄ ልጅ አያቱ ቤት ሲመጣ እንደዚሁ ሊቀመጥ ነው ወይ አሉ። ደራሲው «ርቧችኋል ወይ ይላሉ፤ አዎ ማለት ጨዋነት ነው» ብሎ ተረጎመ። አቶ ኒልስ እንደገና አየር ሳቡ።

ጋሽ ተካ ከመቀመጫቸው ሲነሱ ወንበሩ ሲወድቅ ሰማሁ። በቃ፣ ልጅ የለኝም፣ መልሳችሁ ይኸው ነው፣ በመጣችሁበት ተመለሱ አሉ።

ወደ መጋረጃው ተንቀሳቀስኩ። እትዬ ወይንሸት ቀሚሴን ያዙኝ።

«ትዕግስት፣ ነውር ነው፤ በሽምግልና መሃል ሴት ልጅ አትወጣም።»

«እትዬ፣ ነውሩ ውጭ ነው ያለው» አልኳቸውና መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

አሁን ሳስበው ሕይወቴ ለሁለት የተከፈለው በዚያ መጋረጃ ነው። ከጀርባው ስለ እኔ የሚባለውን አዳምጥ ነበር፤ ከፊቱ ስወጣ የሚናገረው የኔ አፍ ሆነ። የአራቱም ሰዎች ፊት ወደ እኔ ዞረ። አቶ ኒልስን ያኔ ነው ያየኋቸው፤ ራሳቸው ጣሪያውን ሊነካ የደረሰ፣ ጎንበስ ብለው የቆሙ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ ሽማግሌ ናቸው።

ለጋሽ ተካ በአማርኛ እያንዳንዱን ጥያቄ ምን ተብሎ እንደተተረጎመ ነገርኳቸው። ብርዱን፣ ረሃቡን፣ የምሳ ግብዣውን። ቀጥዬ ያንኑ ለነዮናስ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው፤ የመጣችሁት ለምሳ አይደለም፣ እኔን ለጋብቻ ልትጠይቁ ነው አልኳቸው። ዮናስ እስከ ጆሮው ቀላ። ደራሲው ፈገግ ብሎ ቀልድ ነው፣ ባህል ከባህል ሲገናኝ እንዲህ ነው አለ። ጋሽ ተካ ቀና ብለው አዩት።

«በአንድ ራስ ሁለት ምላስ» አሉት። «አንተ እኮ ተረታችንን ትወዳለህ፤ ይህችን ጨምርባት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና መጀመሪያ የጠየቅሁትን እንደጠየቅሁት ንገሪልኝ አሉ። ነገርኩላቸው። ይህች ልጅ እናንተ አገር መጥታ ብትታመም በሯን የሚያንኳኳ ሰው አለ ወይ ይላሉ አጎቴ አልኩ። አቶ ኒልስ እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው፤ ቀስ ብዬ ደገምኩላቸው። ሰውየው ልጃቸውን አዩት፤ ልጃቸው ዓይኑን ሰበረ። ወለሉን አዩ፣ ካልሲያቸውን አዩ። ደራሲው «ይኸው፣ ዝምታቸው ይኸው ነው» አለ በእንግሊዝኛ።

አቶ ኒልስ አየር ወደ ውስጥ ሳቡ።

ጋሽ ተካ ጠረጠሩ። «ይህኛውስ አዎ ለየትኛው ጥያቄ ነው?»

«ለእርስዎ ጥያቄ ነው» አልኳቸው።

ሰውየው ደረታቸውን በጣታቸው ነክተው በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ጨመሩ፤ «እኔ አለሁ» እንደማለት ነው። ጋሽ ተካ የወደቀውን ወንበር አንስተው አቆሙት። ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። እንግዲህ አባትየው ተናገረ፣ አሁን ልጁ ይናገር፣ ያገባታል ወይ በይልኝ አሉ።

የራሴን ጥያቄ በራሴ አፍ ጠየቅሁት።

ዮናስ ተናገረ። ብዙ ተናገረ። እወድሻለሁ አለ። ጋብቻ ወረቀት ነው አለ። መጀመሪያ አብረን ኖረን ብንተያይ፣ ካልተስማማን ማንም ሳይጎዳ ብንለያይ፣ እነሱ አገር ሁሉም እንደዚያ ነው አለ። ይህን ጉዳይ ሁለታችን እንጂ ሽማግሌ አይወስነውም አለ። አባቱን ከገጠር መጥተው ነገሩ ስላልገባቸው ይቅርታ ጠየቀላቸው። ላጎም የሚባለውን ቃል በአካል ያየሁት ያን ቀን ነው፤ አልበዛም አላነሰም፣ ከመሃሉ ግን አዎ የሚል ጠፋ።

እኔ ሁሉንም ለጋሽ ተካ ተረጎምኩ። አንድ ቃል አላስቀረሁም፣ አንድ ቃል አላጣፈጥኩም። የመጀመሪያው የትርጉም ሥራዬ ይኸው ነው፤ እኔን አላገባም ማለትን ነው የተረጎምኩት። እትዬ ወይንሸት ከመጋረጃው ጀርባ ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር።

ተታሎ ነው የመጣው፣ ምን ያድርግ ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ተታሏል። አባቱም እኮ እኩል ተታለው ነው የመጡት። እውነቱን የሰሙት በአንድ ደቂቃ ነው። አንዱ በአንድ ትንፋሽ መለሱ፣ ሌላው በንግግር ሸሸ።

«የጠየቅሁህ አንድ ትንፋሽ የሚበቃው ነገር ነበር» አልኩት። «አባትህ ያላቸውን አንተ አጣኸው።»

ሊያቅፈኝ ሞከረ፤ ገፋሁት።

ጋሽ ተካ በሩን ከፍተው ደራሲውን «ውጣ» አሉት። ምንም አልጨመሩም፤ እሱም ተረት አልጨመረም፣ ወጣ። ዮናስ ሊከተለው ሲል ጋሽ ተካ አስቆሙት። አባትህ ርቧቸዋል፣ በራሳቸው ትንፋሽ ሁለተኛ ጊዜ አዎ ያሉት ለዚያ ነው፤ ከቤቴ ሳይበሉ አይወጡም፣ አንተ ግን ግቢው አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ ትጠብቃለህ አሉት። «በአገራችሁ ደንብ» ብለው ጨመሩ። ይህንንም አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩለት። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነው የተረጎምኩት።

አቶ ኒልስ ሊቃወሙ አሰቡ መሰለኝ፤ ልጃቸውን አዩት፣ ቆይተው ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለኔ የድግስ ቀን የተሠራውን ዶሮ ተቋድሰው በሉ። የሚያግባባቸው ቋንቋ አልነበረም። ጋሽ ተካ ጨምሩ ይላሉ፣ አቶ ኒልስ አየር ይስባሉ፤ አቶ ኒልስ በእጃቸው ወደ ሳህኑ ያሳያሉ፣ ጋሽ ተካ አየር ይስባሉ። እኔ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለዮናስ አይደለም፤ አማትና ምራት ሳንሆን ለቀረነው ለኔና ለሽማግሌው ነው። ሲወጡ ጫማቸውን አጥልቀው ጋሽ ተካን ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸው። ጋሽ ተካ በር ላይ ቆመው «ለአባትየው ሚስት ብጠየቅ ዛሬውኑ እሰጥ ነበር» አሉ፣ እትዬ ወይንሸትም በዚያ ሁሉ ልቅሶ መሃል ሳቁ።

ዮናስ አገሩ ገባ። ደራሲው በሳምንቱ ፔንሲዮኑን ለቀቀ፤ ሻንጣውን እንዲያወርዱለት ሰው እንድጠራ ጠይቆኝ አልጠራሁለትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ እንግዳ መጽሐፉን ይዞ መጣ፤ ተውሼ አገላበጥኩት፣ ራሳችንን አገኘሁበት። አንድ ቁጡ አበሻ አጎት አለ፣ ከመጋረጃ ጀርባ እንደ አውሬ ዘላ የወጣች ልጅ አለች፣ አንድ ደግሞ ስዊድናዊ ሽማግሌ አለ። ሽማግሌው ሰው ሲጠይቀው በድንጋጤና በመጸየፍ ትንፋሹ ቆመ ይላል። በድንጋጤና በመጸየፍ! ያን ሁሉ ዓመት እነሱ ዘንድ ኖሮ፣ እኛ ዘንድም ከርሞ፣ ጋሽ ተካም «አዎ አለ!» ብለው እየጮኹለት፣ ሁለት ሕዝብ አዎ የሚልበትን ድምፅ አላወቀውም። ዶሮዋ የለችም፣ አግዳሚውም የለም፤ ለካ ከመብላቱ በፊት ነበር የተባረረው።

እኔ ዛሬ አስተርጓሚ ነኝ፤ በፍርድ ቤትም በሆስፒታልም እሠራለሁ። ሥራው የጀመረኝ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው። ሁለቱም ወገን ፊቴን በሚያዩበት ቦታ እቆማለሁ፣ መጋረጃ ያለበት ክፍል አልወድም። እናንተም አንባቢዎቼ፣ የእገሌ አገር ሰው እንዲህ ነው የሚል መጽሐፍ ስታነቡ፣ ስለ ስዊድንም ይሁን ስለ እኛ፣ ጸሐፊው ጥያቄውን ምን ብሎ ተርጉሞ እንደጠየቃቸው እዚያ ገጽ ላይ አታገኙትም። ማን ጥሎት እንደሄደም አይጽፍላችሁም።

ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ ሰው ላይ ቂም ይዘሽ ኖርሽ ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። መልሴን በፊደል መጻፍ አይቻልም። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጉ፤ እሱ ነው።